በአንድ ዓይን የሳልኳት ሴት

ነገሩ የጀመረው ረቡዕ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ሰቆጣ ተመልሼ ሥራ እጠብቅ ነበር። ጓደኛዬ ከአባቷ ሱቅ አጠገብ የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤት ከፍታ ስለነበር፣ እዚያ የባለጉዳይ ማመልከቻ እጽፍላታለሁ፤ ሰው በሌለ ሰዓት ደግሞ በኮምፒውተሯ እስላለሁ። ከክረምት ጀምሮ የያዝኳት አንዲት ክንፍ ያላት ሴት ነበረች። ገደል ውስጥ ትኖራለች፤ ምንጭ ትጠብቃለች። ክንፏን በማውዝ ላባ በላባ ነው የሠራሁት።

የጓደኛዬ ወንድም በበሩ ብቅ አለ።

"ነገ ዕቃ ላመጣ አዲስ አበባ እሄዳለሁ። የልጆች ተረት የሚያሳትም ሰው አውቃለሁ፤ በኮምፒውተር የሚስል ይፈልጋል። ያቺን ባለ ክንፏን በፍላሽ ስጪኝ።"

የምወደውን እየሠራሁ መኖር እንደምችል ያመንኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከመላኬ በፊት ጉድለቷን የሚነግረኝ ሰው ፈለግሁ። እኛ ዘንድ ሰው የለፋበትን ፊት ለፊት መንቀፍ ነውር ነው፤ ጓደኛዬም "ታምራለች" ከማለት አልፋ አታውቅም። ስለዚህ በወረቀት አትሜ ወዳሳደጉኝ አክስቴ ሄድኩ።

"እትዬ፣ እንዳይራሩልኝ። ደስ ያላለዎትን ይንገሩኝ።"

ወረቀቱን ወደ በሩ ብርሃን አስጠጉት። "እጅሽ ይባረክ። ክንፏ የሚበር ይመስላል። ምን በድላ ነው ግን?"

"ማን?"

"ይቺው ናታ። በአንድ ዓይን የሳልሻት።"

"ኧረ ጥሩ ሴት ናት! ምንጩን ለሰው የምትጠብቅ።"

"ጥሩ ከሆነችማ አዙሪያት የኔ ልጅ። እንዲህ ሆና ልጆች ይፈሯታል።"

ደንግጬ ቀረሁ። በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ጻድቃን ፊታቸውን ወደ እኛ አድርገው በሁለት ዓይናቸው ያያሉ፤ በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሳሉት አጋንንትና የሰማዕታት ገዳዮች ናቸው። እነዚያን ግድግዳዎች እያየሁ አድጌ፣ የምወዳትን ሴት ከገዳዮቹ ጋር አሰልፌያታለሁ። አክስቴ ልክ ነበሩ። ያልነገርኳቸው፣ ሁለት ዓይን አስተካክዬ መሳል እንደማልችል ነው። ሴትዮዋን በጎን ያደረግኋት ለዚህ ነበር።

ወደ ፎቶኮፒ ቤቱ ተመልሼ ፊቷን አጠፋሁና እንደገና ጀመርኩ። የግራው ዓይን ሲስተካከል የቀኙ ይወርዳል። ቀኙን ከፍ ሳደርገው አፍንጫዋ ይጣመማል። ጓደኛዬ ከኋላዬ ቆማ ታያለች።

"ልንገርሽ?" አለች።

"ንገሪኝ።"

"አትቀየሚኝም?"

"አልቀየምሽም።"

"መታወቂያ ልታወጣ ተሰልፋ ፎቶ የተነሳች ነው የምትመስለው።" ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "የድሮዋ ሩቅ ታይ ነበር። ይቺ ምንም አታይም። የድሮዋን መልሻት በቃ" አለችኝ።

ይህም ልክ ነበር። ሁለቱም የነገሩኝ ለእኔው ብለው ነው፤ ሁለቱንም ንገሩኝ ያልኩት እኔው ነኝ።

የድሮዋን ልመልስ ፋይሉን ብከፍት የለችም። ሰቆጣ መብራት ሳይታሰብ ስለሚሄድ፣ ጥቂት መስመር በሳልኩ ቁጥር ሴቭ ማድረግ ለጣቴ ልማድ ሆኖበታል። አዲሱን ፊት በሞከርኩ ቁጥር በአሮጌው ላይ ሳስቀምጥ ውያለሁ። የቀረችኝ አክስቴ ቤት ያለችው ጥቁርና ነጭ ወረቀት ብቻ ናት፤ ማተሚያው ቀለም ጨርሶ ስለነበር ፊቷ ላይ ነጭ መስመር አልፎባታል። እስኪመሽ ሞከርኩ። ያን አንዱን ዓይን እንኳ መድገም አቃተኝ። እጄ የሠራውን እጄ አያውቀውም።

"ክንፏ ብቻውን ይበቃል፣ ላኪው" አለች ጓደኛዬ ስንዘጋ። ያለውን ፍላሹ ላይ ገለበጥኩት።

በማግስቱ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ፍላሹን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ መናኸሪያ ሄድኩ። ወንድሟ በአውቶቡሱ መስኮት እጁን ዘረጋልኝ።

"አልደረሰልኝም" አልኩት ቋጠሮውን ሳልፈታ።

"በሚቀጥለው ስሄድ ይደርሳላ።"

"እሺ።"

አውቶቡሱ ሲወጣ ቆሜ አየሁ። ከዚያ ፎቶኮፒ ቤቱ ሄጄ ከጓደኛዬ ጋር በሩን ከፈትን። አንድ ገበሬ የመሬት ክርክር ማመልከቻ ሊያጽፉ ደጅ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። ኮምፒውተሩን አብርቼ "ይንገሩኝ አባባ" አልኳቸውና መጻፍ ጀመርኩ።