ከቦታዋ የተነሳችው ብሳና

ትናንት ከሰዓት በኋላ አንዲት ወጣት ሠዓሊ ልትጠይቀኝ ቤቴ መጣች። ግድግዳዬ ላይ የተሰቀለችውን የእስቴ ገጠር ሥዕል ትክ ብላ አየችና «ጋሼ፣ ይቺ ዛፍ ልክ መሃል ላይ ሆና ሥዕሉን ለሁለት ቆረጠችው እኮ... ትንሽ ወደ ግራ ብትልስ?» አለችኝ።

የያዝኩት ሻይ ሊደፋ ነበር። ይህን ቃል ስሰማ ዛሬም ዞር ብዬ ኋላዬን አያለሁ።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ጊዜ ነው። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ። ጻድቁን በሁለት ዓይን፣ ከሃዲውን በአንድ ዓይን እየሳሉ ዕድሜያቸውን መቅደስ ግድግዳ ሥር ጨረሱ። እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ቤት ውስጥ መቀመጥ አልችልም። እናቴ «ቂጥህ ላይ እሾህ አለ ወይ?» ትለኝ ነበር። አዲስ አበባ ሥዕል ልማር ገብቼ ከውኃ ቀለም ጋር ስተዋወቅ እፎይ አልኩ። እሱም እንደ እኔው ዕረፍት የለውም። ሜዳ ላይ ቁጭ ትላለህ፣ ብርሃኑ ሳይሸሽ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ ትጨርሳለህ፣ ተነስተህ ወደ ሌላ ቦታ ትሄዳለህ። ያላማረህን ነገር ደግሞ አንስተህ ያማረህ ቦታ ታስቀምጠዋለህ... ማን ከልካይ አለህ?

ወሩ ኅዳር ነው። ከእስቴዋ ከተማ ከመካነ ኢየሱስ ወጥቼ ወደ ስማዳ በሚወስደው መንገድ ስጓዝ አንድ ቦታ ልቤን ያዘው። ገብሱ የታጨደበት ሰፊ ማሳ፣ ግራና ቀኝ ሁለት የሣር ቤቶች፣ መሃል ላይ ቅጠሏ መቅላት የጀመረ አንዲት የብሳና ዛፍ። ጉብታው ላይ ተቀምጬ ጀመርኩ። ደመና እየመጣ ስለነበር እጄ ይጣደፋል። ብሳናዋ መሃል ላይ መሆኗ አልጣመኝም፤ ሁለት ጣት ያህል ወደ ግራ ወሰድኳት።

አማረች! እንደዚያ ያለ ሥዕል ሠርቼ አላውቅም።

የግራው ቤት ባለቤት አያ ቢያድግ ከአውድማ መንሻቸውን ተሸክመው መጡ። «እግዜር ያበርታህ» ብለው ከኋላዬ ቆሙ።

«ይች የኔ ቤት አይደለችም? ወይ ጉድ፣ በቅሎዬም አለች!» ብለው ሳቁ። እኔም ደስ አለኝ። ከዚያ ግን ጎንበስ ብለው አንዴ ወረቀቱን፣ አንዴ ማሳውን አዩ።

«ብሳናዋን ማን አነሳት?»

«እኔ ነኝ» አልኩ በኩራት። «መሃል ላይ ስትሆን አታምርም።»

«ለማማር ብለህ የሰው ድንበር ታነሳለህ?»

ለካ ብሳናዋ ድንበር ናት። አያ ቢያድግ ከቀኙ ቤት ባለቤት፣ ከአጎታቸው ልጅ ከአያ አለባቸው ጋር በርስት ተካሰው፣ ደም ሊፋሰሱ ደርሰው፣ ሽማግሌ በመሐላ ያስታረቃቸው እሷ ሥር ነው። በዚያ ላይ ሰሞኑን መንግሥት መሬት ሊለካ ነው የሚል ወሬ አገሩን አስጨንቆታል። እኔ ደግሞ ወረቀት ይዤ ማሳ ማሳውን አያለሁ።

«ሥዕል እኮ ነው አያ፣ መሬቱን አይነካም።»

«መሬት የሚሄደው በምን ሆነና? በወረቀት አይደለም ወይ? መልሳት!»

የውኃ ቀለም እንዴት ብሎ ይመለሳል? በጨርቅ ብጠርገው የብሳናዋ ቅርጽ እዚያው ቀረ። እሺ ብዬ ትክክለኛው ቦታ ላይ ሌላ ብሳና ልስል ስል እጄን ያዙኝ። «ሁለት ልታደርጋት? መሃሉስ የማን ሊሆን ነው?»

ጩኸታችንን ሰምተው አያ አለባቸው መጡ። ሥዕሉን አዩ... ጢማቸውን ዳበሱ።

«እኔስ ምን ብዬ ነበር? ድሮም እዚህ ነበረች! አዲስ አበባ ድረስ ያውቁታል ማለት ነው። አንተ ልጅ፣ ይችን ወረቀት ለኔ ስጠኝ፣ ዳኛ ፊት አቀርባታለሁ።»

አያ ቢያድግ መንሻቸውን መሬት ላይ አስቀመጡና ቀስ ብለው ወደ ቤታቸው አቀኑ። በዚያ አገር ከቤት ምሰሶ ላይ ጠመንጃ እንደሚሰቀል የማያውቅ የለም። የአያ አለባቸው ፈገግታም ጠፋ፤ ኩታቸውን ሰብሰብ አድርገው እሳቸውም ወደ ቤታቸው ማየት ጀመሩ።

በእኔ ሁለት ጣት የተነሳ ሰው ሊሞት ነው!

«አያ ቢያድግ! ይመልከቱ!» ብዬ ጮህኩና ብሩሽ የማጥብበትን ጣሳ ሥዕሉ ላይ ደፋሁት። ገና እርጥብ ነበር። ማሳውም፣ ቤቶቹም፣ በቅሎዋም፣ ብሳናዋም አንድ ላይ ጭቃ ሆነው ሣሩ ላይ ወረዱ። የዚያችን ሥዕል ያህል ያዘንኩበት ሥራ የለኝም።

አያ ቢያድግ ከመንገድ ተመለሱ። የሚንጠባጠበውን ወረቀት አገላብጠው አዩና «አሁን ልክ ሆነ» አሉ።

አያ አለባቸው ግን ከልባቸው ቅር አላቸው። «ምነው... ቤቴንስ ለምን አጠብከው? ቤቴ ምን አደረገህ?»

ይሄኔ አያ ቢያድግ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። ትንሽ ቆይቶ አያ አለባቸውም ሳቁ። እኔ ብቻ አልሳቅሁም። «ነገ ናና ሁለታችንም ባለንበት ሳል» ብለው አያ ቢያድግ ያን ቀን አሰናበቱኝ።

በነጋታው አንዱ በግራዬ፣ አንዱ በቀኜ ተቀመጡ። ብሩሽ ባነሳሁ ቁጥር «ወዲህ አልበዛችም?» «ኧረ ወዲያ ሄደች!» ይላሉ። እግሬ ልሂድ ልሂድ እያለ፣ በሕይወቴ አንድ ቦታ ላይ ያን ያህል ተቀምጬ አላውቅም። በመጨረሻ ብሳናዋ ልክ መሃል ላይ ቆመች። ሁለቱም «አዎ፣ እሷው ናት» አሉ።

ግድግዳዬ ላይ ያለችው ያቺ ናት።

ይህን ሁሉ ለእንግዳዬ አጫወትኳት። ሥዕሏን ደግማ ደጋግማ አየችና «ቢሆንም ጋሼ... ወደ ግራ ብትል ታምር ነበር» አለች።

«ታምር ነበር ልጄ፣ አይቻታለሁ» አልኳት። «ካነሳሻት ግን መጀመሪያ ዋስ ጥሪ።»