ካሲልዳ አንብባ ዝም ያለችው ወረቀት

ካሲልዳ በስፔኗ ከተማ በሴቪያ፣ ባለ አሥራ አንድ ክፍል በሆነች አንዲት ማረፊያ ቤት እንግዳ ስትቀበል ሃያ ሁለት ዓመት ሞልቷታል። ለከተማው አዲስ የሆነ ሰው ቁልፉን ሲረከብ ምክሯን በቃሏ ትለግሰዋለች፦ ከቀኑ ስምንት ሰዓት በፊት ምሳ ፍለጋ እንዳይደክም፣ ሳያዝ የቀረበለት ዳቦም ሒሳብ ላይ እንደሚገባ፣ በበጋ ጥላ ጥላውን እንዲሄድ። እንግዶችም «ካሲልዳ እንዳለችን» እያሉ ሲመለሱ ልቧ ይሞላ ነበር።

ኖኤሊያ መቀበያው ላይ አብራት ልትሠራ ከሰሜን፣ ከቢልባኦ መጣች። ሦስት ቋንቋ የምታቀላጥፍ፣ ለሁሉ ፈገግ የምትል ወጣት ናት። የቤቱ ባለቤት ዶኛ ፑራ ከፋሲካ በኋላ መቀበያው ላይ አንዲት ብቻ እንደምትቀር፣ ሌላዋ ወደ አንሶላና ፎጣው ክፍል እንደምትወርድ በተናገሩ ሳምንት፣ ልጅቷ ለአዲስ እንግዶች የሚሆን የምክር ወረቀት ጽፋ ለካሲልዳ አቀረበች።

«እትዬ ካሲልዳ፣ እርስዎ ሳያዩት አላሳትመውም።»

ካሲልዳ አነበበች። ወደ ባቡር ጣቢያ ለመሄድ ከአደባባዩ አውቶቡስ መያዝ እንደሚቻል፣ ሃያ ደቂቃም እንደሚበቃ ተጽፏል። በሕማማት ሳምንት የቤተ ክርስቲያን ማኅበራት የቅዱሳንን ሐውልት ተሸክመው በየጎዳናው ዑደት ሲያደርጉ አውቶቡስ ወደ መሀል ከተማ እንደማይገባ፣ እግረኛም መሻገሪያ እንደሚያጣ የሴቪያ ሕፃን እንኳ ያውቃል፤ የቢልባኦ ልጅ ግን ከየት ታውቃለች?

«ምንም አልጎደለውም» አለቻት።

ከዚያ ወዲህ እንግዳው ሁሉ ወረቀቱን አንሥቶ ያልፋል፤ ካሲልዳን የሚጠይቅ ጠፋ። ቅናት እንደ ብል ከውስጥ በላት።

በጸሎተ ሐሙስ ጡረተኛዋ ፖርቱጋላዊት መምህርት ሴኞራ ግራሲንዳ ሻንጣቸውን እየጎተቱ ወደ ባቡር ጣቢያ ሊሄዱ ወጡ። ልጃቸው በካዲስ ወደብ፣ መርከብ ከመሳፈሯ በፊት ልትሰናበታቸው ትጠብቃለች። ካሲልዳ ወረቀቱን በእጃቸው አየች፤ ዑደት በማያልፍበት በወንዙ ዳር ዞረው በእግር ይሂዱ ማለት ይገባት ነበር። «መልካም መንገድ» ብቻ አለች።

ከሦስት ሰዓት በኋላ ሴትዮዋ በላብ ተጠምቀው ተመለሱ። በሁለት ዑደት መካከል ተቀርቅረው ባቡሩ አምልጧቸዋል፤ ልጃቸውም ሳያዩዋት ሄዳለች። መቀበያው አጠገብ ተቀምጠው ድምፅ ሳያሰሙ አለቀሱ።

ዶኛ ፑራ ኖኤሊያን አስጠሩ። «አንቺ ደግሞ ሳትጠይቂ የምትጣደፊ! መንገዱን ሳታውቂ መንገድ መሪ ሆንሽ?»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ለካሲልዳ አሳይቻለሁ አላለችም። ካሲልዳ በዚህም ቀናች፤ ይህኛው ቅናት ከቋንቋዎቿም ከፈገግታዋም ይልቅ አንገበገባት፤ እርሷ በዚያ ቦታ ብትሆን ዝም እንደማትል ታውቃለችና።

«አንብቤዋለሁ» አለች በመጨረሻ። «ስሕተቱን አይቼ ነው የተውኩት።»

ዶኛ ፑራ «እንግዲያው ከሰኞ ጀምሮ አንሶላው ያንቺ ነው» አሉ።

ማክሰኞ ኖኤሊያ እስክሪብቶ ይዛ ወደ ታችኛው ክፍል ወረደች፤ የወንዙን ዳር መንገድ እንድታስረዳት ለመነቻት። ካሲልዳም ፎጣ እያጠፈች አንድም ሳታስቀር ነገረቻት። ልጅቷ አመስግና ወጣች፤ ከላይ አንድ እንግዳ ኖኤሊያን በስሟ ሲጠራ በተሰማ ጊዜ ግን፣ ካሲልዳ ያጠፈችውን ፎጣ ዘረጋችና እንደገና አጠፈችው።