«አትፍራ» የሚለው ምክር አልረዳኝም

መጀመሪያ ይህን ተረዱልኝ፤ አውሮፕላን ተሳፍሬ አውቃለሁ፤ የምፈራውም ስለማውቀው ነው።

ሐሙስ አውስትራሊያ ወዳለችው ልጄ እበራለሁ። ከሠርጓ በረራውን ፈርቼ ቀርቻለሁ፤ አሁን ግን ልትወልድ ነው፣ መቅረት አልችልም።

ዛሬ ደውዬ፣ «ያን ሁሉ ሰዓት ምን እየሠራሁ ልቀመጥ?» ብላት፣ «አባዬ ደግሞ! አትፍራ በቃ!» ብላ ሳቀች።

ተናደድኩ። ስንት ዓመት ሳስተምር «አትሳሳቱ» ብቻ ብዬ ከክፍል ወጥቼ አላውቅም። (ሻንጣዬ በዝርዝሩ መሠረት ተሞልቶ ከተቆለፈ አሥር ቀኑ ነው፤ ችግሩ እኔ ነኝ።)

በደርግ ጊዜ ፈተና ለማረም ከጅማ አዲስ አበባ በአውሮፕላን ተላክሁ። ገና ሲነሳ ወንበሩን ጨምድጄ ያዝኩ። አጠገቤ የተቀመጡት የጅማው ሄርማታ ገበያ ጨርቅ ነጋዴ፣ ሐጂ ነስሩ፣ «መምህር አይደለህ? ሊሙ ገነት ላለው ወንድሜ ደብዳቤ ጻፍልኝ» አሉኝ።

«ሰላምታው አነሰ፣ እንደገና!» እያሉ ሦስት ጊዜ አስገለበጡኝ። ከመናደዴ የተነሳ ስናርፍ እንኳ አላስተዋልኩም።

ከዚያ እስክሪብቶዬን ተቀብለው በሚያምር የእጅ ጽሕፈት አንድ መስመር ጨመሩበት።

«ሐጂ፣ መጻፍ ይችላሉ እንዴ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ እችላለሁ። አንተ ግን ወንበሩን ልትነቅለው ነበር!»

ሐጂ ዛሬ በሕይወት የሉም።

ረጅም በረራ የምትፈሩ ሰዎች፣ እናንተ ምን እየሠራችሁ ደረሳችሁ? «አይፍሩ» አትበሉኝ፤ ለእጄ ሥራ ስጡት። እባካችሁ እስከ ረቡዕ መልሱልኝ።