የአክስቴ ልጅ ዘጠነኛ ክሮሞዞም

ጊምሳ የሚባለውን ቀለም የወባ መርማሪዎች ሁሉ ያውቁታል። እኔ የምቀባው ግን የጤነኞችን ክሮሞዞም ነው። ቀለሙ ክሮሞዞሙን እንደ ነጠላ ጥለት መስመር በመስመር ያወጣዋል፤ እኔም ጤነኛ ሰው ከጤነኛ ሰው በምን እንደሚለይ አያለሁ። ለጥናቱ ከፍኖተ ሰላም መምህራንና ከዘመዶቼ ደም ለመንሁ። ቀድማ ክንዷን የዘረጋችው ቡሬ ያለችው የአክስቴ ልጅ ናት።

የእሷን ሳይ ከወንበሬ ብድግ አልሁ። ከሁለቱ ዘጠነኛ ክሮሞዞሞቿ የአንደኛው መካከል ተገልብጦ ተቀምጧል። ጉዳት የለውም፤ ብዙ ጤነኛ ሰው ላይ ይገኛል። በዓይኔ ሳየው ግን የመጀመሪያዬ ስለነበር አላስችል አለኝና ደወልሁላት። «ዘጠነኛሽ ተገልብጧል!» ብዬ ስጮህ ድምፄ አጠገቧ ለተቀመጡት ሁሉ ይሰማ ኖሯል።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ቅዳሜ ገበያ ላይ ወሬው «ደሟ ተገልብጧል» ሆኖ ዞረ። ለሠርጓ የቀረው ሦስት ሳምንት ነው። የሙሽራው አባት የቅኔ መምህር ናቸው፤ «እስኪጣራ ድግሱ ይቆይ» አሉ። የአክስቴ ልጅም ስልኬን ማንሳት ተወች። በአፌ አፈርሁ፤ የክሮሞዞሟን ፎቶ ይዤ በጠዋቱ ሚኒባስ ቡሬ ገባሁ።

የኔታ ፎቶውን አገላብጠው አዩት።

«ፊደል ጎድሏል?»

«የለም የኔታ፣ ቦታ ብቻ ነው የተለዋወጠው።»

«ምሥጢሩስ ተበላሽቷል?»

«ኧረ አልተበላሸም።»

«እኛስ ስንት ዘመን ቃል ስናገላብጥ ማን ታመማችሁ አለን?» ብለው ሳቁ። እፎይ ልል ስል እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። «በይ ልጄ፣ ከእኔም ውሰጂ። የእኔም ተገልብጦ ከተገኘ የገበያው ሰው ምን እንደሚል እንሰማለን።»

ተገልብጦ እንዲገኝ ስለት ሁሉ ተሳልሁ። ብቀባው፣ ደግሜ ብቀባው፣ ቀጥ ያለ ነው! እየፈራሁ ደወልሁ።

«የኔታ፣ የእርስዎ አልተገለበጠም።»

 ሠርጉ በቃ ቀረ አልሁ በልቤ።

«ምንም?»

«ምንም።»

«ይኸን ሁሉ ዘመን ቅኔ ሳስተምር ደሜ ተራ ንባብ ኖሯል!» አሉ፣ ከልባቸው ተናደው። ከዚያ ስልኩን ሳይዘጉ ወደ ቤተሰባቸው ዞረው ተጣሩ።

«በሉ ጠላውን ጥመቁ! ለቤታችን የጎደለውን ቅኔ ልጅቱ ይዛልን ልትመጣ ነው።»