ጨው ያጠጣሁት ግድግዳ

አባቴ ግንበኛ ነበር። ቀራንዮ በሚገኘው ግቢያችን ውስጥ፣ ከፊት በኩል፣ የአምቦ ድንጋይ በገዛ እጁ እየጠረበ ያቆማት ቤት ነበረችው። ደርግ ትርፍ ቤት ሲወርስ ለእኛ ከኋላ ያለችው ጭቃ ቤት ቀረችልን፤ የፊቷን የቀበሌው ሊቀመንበር ያዛት። በማግስቱ በዕድሜ አባቱ የሚሆነውን አባቴን "አንተ፣ ና በረንዳውን ጥረግ" አለው። አባቴም ጠረገ። ያኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ያቺን መጥረጊያ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም፤ ይቅርም አላልኩም።

እናቴ ለአንድ ነጋዴ የበግ ቆዳ በጨው ታሽ ነበር። ከቆዳው የሚንጠፈጠፈውን ውሃ ቦይ ውስጥ የምደፋው እኔ ነኝ። አባቴ ደግሞ ድንጋይ ውሃ እንደሚጠጣ፣ ውሃው ጨው ካለበት ሲደርቅ ጨው ውስጡ ቀርቶ ፊቱን እየገፋ እንደሚልጠው ነግሮኛል። ስለዚህ ባልዲዬን ይዤ ቦዩን ማለፍ ጀመርኩ። ሊቀመንበሩ ስብሰባ በሄደ ቁጥር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከግድግዳው ሥር ቀስ አድርጌ አፈሳለሁ።

ሁለት ክረምት አለፈ። በበጋው ድንጋዩ ላይ ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር ወጣ። ሊቀመንበሩ እንግዳ እንዳያይበት አፍሮ እስከ መስኮቱ ድረስ በሲሚንቶ አስለሰነው። እርጥበቱ መውጫ አጣ። በቀጣዩ ክረምት ልስኑ የድንጋዩን ፊት ይዞ ወረደ፤ እኔም በር ዘግቼ እስኪያመኝ ሳቅሁ።

ሰውየው አስኮ ሌላ ቤት ተሰጥቶት ለቀቀ። የፈረሰ ግድግዳ የሚፈልግ ስለጠፋ ቀበሌው ቤታችንን ለእኛው አከራየን። የገባን ዕለት አባቴ ከግድግዳው ሥር ቁጢጥ ብሎ ከድንጋዩ የረገፈውን አሸዋ በጣቱ ፍቆ ቀመሰው። ከዚያ ባልዲዬን አየ።

"አንቺ ነሽ?"

"አዎ፣ አባዬ። እሱን ብዬ ነው።"

"እሱማ ሄደ" አለኝ። "ድንጋዩን የጠረብኩት እኔ ነኝ።"

አልመታኝም፣ አልተቆጣኝም። እስኪያርፍ ድረስ በየበጋው የተበላውን ድንጋይ እየነቀለ አዲስ ይተካ ነበር፤ የማቀብለው እኔ ነበርኩ። ያንን ሰው ዛሬም ባገኘው አልምረውም። የእሱ የአስኮ ቤት በብሎኬት የተሠራ ነው አሉ፤ ምንም አልሆነም።