ደርሰናል ያልኩበት ሜዳ

ቸርች ምስክርነት በሰጠሁባቸው እሁዶች ሁሉ ይህችን ዘልያታለሁ። ለባሌም አልነገርኩም። ለእናንተ የምናገረው ምናልባት ፊታችሁን ስለማላየው ይሆናል።

እዚህ ኮሎምበስ፣ ክሊንተንቪል ሰፈር፣ ዘጠና ዓመት ያለፋቸውን አሜሪካዊ ሽማግሌ እንከባከብ ነበር። ስማቸው ዋልተር ነው፤ እኔ ጋሽ ዋልተር እላቸው ነበር። ዓይናቸው ከጥላ በቀር አያይም። አባታቸው በወጣትነቱ፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ፣ በዚሁ ከተማ ቤዝቦል የሚሉትን፣ በዱላ የሚመታ የኳስ ጨዋታ፣ በደሞዝ ይጫወት ነበር። ጋሽ ዋልተር የሚያወሩት ስለ አንድ ጨዋታው ብቻ ነው። ያን ቀን ሕዝቡ ከመቀመጫው ተርፎ ሜዳው ዳር ከገመድ ጀርባ ቆሞ ነበር አሉ።

በ2021 ጸደይ የኮቪድ ክትባታቸውን እንደጨረሱ «ሜዳው የነበረበት ቦታ ውሰጂኝ» አሉኝ። ልጃቸው አድራሻውን ቴክስት አደረገችልኝ። ሩቅ ነበር፤ መንገዱ ተዘጋግቷል፤ ሁለተኛ ሥራዬ፣ የመጋዘኑ ሺፍቴ፣ ደግሞ እየደረሰ ነው። ሱፐርቫይዘሬ ስለማርፈድ አስጠንቅቆኛል። ዋይንላንድ ፓርክ የሚባለው ሰፈር ጋ ቤት የፈረሰበት ባዶ ቦታ አየሁና ታጠፍኩ።

«ደረስን እንዴ?»

«ደርሰናል፣ ጋሽ ዋልተር።»

እኔ ነኝ ያልኩት። ማን አስገደደኝ? ማንም።

ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከዘራቸውን ሰጡኝና «አንቺ መቺ ነሽ፣ እዚህ ቁሚ» አሉኝ። እጄን ለቀው፣ እነዚያ ሳልይዛቸው ሽንት ቤት የማይደርሱ እግሮች፣ ወደኋላ ወደኋላ ሄዱ። እየሄዱ ያን ጨዋታ ይተርኩልኛል፦ ኳሷ ከገመዱ አልፋ ልትወድቅ ስትል አባታቸው ወደ ሕዝቡ ሮጠ። ሕዝቡም ሳይነጋገር ለሁለት ተከፈለለት። ጋሽ ዋልተር ፊታቸውን ወደ ሰማይ አቅንተው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

ቤዝቦል አላውቅም። ግን ያቺ ኳስ ስትወርድ አየኋት። ያ ሁሉ ሰው ትንፋሹን ሲውጥ ሰማሁ።

«አባቴ ምን ይል ነበር መሰለሽ?» አሉኝ። «የያዝኳት እኔ አይደለሁም፤ መንገድ የሰጡኝ ሰዎች ናቸው ይል ነበር።»

ከዚያ ተንበርክከው አንድ እፍኝ አፈር በመሐረባቸው ቋጠሩ። «ስሞት ከኔ ጋር ይሁን» አሉ። አፈሩ ውስጥ የጡብ ስባሪ ይታየኛል። ያኔ እንኳ መናገር እችል ነበር። እጃቸውን ይዤ ወደ መኪናው መለስኳቸው። ሺፍቴም ላይ በሰዓቱ ደረስኩ።

በመከር አረፉ። ልጃቸው ያን አፈር ሳጥኑ ላይ በተነችና አቀፈችኝ። «ያን ቀን ሲመለስ እንደ ሕፃን ነበር። ያን ደስታ አንቺ ነሽ የሰጠሽው» አለችኝ። እኔ ምን አልኩ? «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ። ስሙን ለውሸቴ ጠራሁት።

ትክክለኛው ቦታ በኋላ ብቻዬን ሄድኩ። አስፋልት ነው፤ መኪና ይቆምበታል። ልቤ «አየሽ፣ ምንም አላጎደልሽባቸውም» ሊለኝ ሞከረ። አጥሩ ሥር ግን ሣር በቅሎ ነበር። አፈር ነበረ።

ደስ ብሏቸው ሞቱ ብላችሁ አታጽናኑኝ። ያመኑኝ ስለማያዩ ነው፤ ያታለልኳቸውም በዚያው ነው። ይቅር በይኝ የምላት ልጃቸው እዚሁ ከተማ አለች፤ ስልኳም አለኝ። እስከ ዛሬ አልደወልኩላትም።