ቅልቅል ቤንዚን እና የጋሽ ደምሴ መሐላ

አቃቂ፣ የባቡር ሐዲዱ መሐል ላይ አሮጌዋን መኪናዬን ሁለቴ አስነጠሳትና ቀጥ አለች። አብረውኝ ያሉት ጎረቤቴ ጋሽ ደምሴ አረቄ ላይቀምሱ ለንስሐ አባታቸው ከማሉ ገና ሳምንታቸው ነው። የባቡሩ ጡሩምባ ከሩቅ ሲሰማ በላብ ተጠመቅኩ። ቁልፉን ደጋግሜ ባዞር ወይ ፍንክች!

«ምን ነካት?» አሉኝ።

«ቤንዚን ላይ አልኮል መቀላቀል ተጀምሯል አይደል? አልተስማማትም መሰለኝ። ይውረዱና እንግፋ ጋሼ!»

ባቡሩ ሳይደርስ ገፍተን አወጣናት።

መካኒክ ይዤ ስመለስ ጋሽ ደምሴ የሉም። ከመንገዱ ማዶ፣ አረቄ ቤት በረንዳ ላይ ሻይ ይዘው አገኘኋቸው። ሻዩ አረቄ አረቄ ይሸታል።

«ጋሼ፣ መሐላውስ?»

«ትንሽ ጠብ አድርጌበት ነው እንጂ ሻይ እኮ ነው» አሉኝ ሳያፍሩ። «መንግሥት ለመኪና የፈቀደውን ቅልቅል ንስሐ አባቴ ለእኔ ሊከለክሉ ነው?»